የሞዶክን ሕዝብ ታሪክ ለልጆች መንገር ከፈለጋችሁ ከውኃው ጀምሩ

እኔ መንዝ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ፣ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ የታሪክ ክበብ አለን፣ ሠላሳ ምናምን ልጅ ይመጣል፣ ብርድ ሲሆን ጋቢ ተከናንበው ነው የሚቀመጡት። አንድ ጊዜ ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች እናውራ ተባለና እኔ ሞዶኮችን መረጥኩ፣ ምክንያቱም ታሪካቸውን ሳነብ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ግን ከጦርነቱ ጀመርኩ። ሃምሳ ምናምን ሰው አንድ ጦር እንዴት ለወራት እንዳቆመ ተናገርኩ፣ ልጆቹም "ስንት ሞተ? መሣሪያቸው ምን ነበር?" ብቻ እያሉ ጠየቁኝ፣ ከዛ መጨረሻ ላይ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች ግን ምን ይበሉ ነበር?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስንት እንደሞቱ አውቃለሁ፣ ምን በልተው እንደኖሩ ግን አላውቅም። ከዛ ቀን ጀምሮ እንደገና አንብቤ፣ እንደገና አስተምሬ፣ አሁን የሚሠራልኝን አካሄድ ነው የምጽፍላችሁ። መምህር ብትሆኑም፣ ማታ እሳት ዳር ለልጆቻችሁ ብታወሩም ይሠራል።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር ትንሽ ነው፤ አመድ፣ ረጅም ገመድ፣ ጥቂት ጥቋቁር ድንጋይ (እኛ ጋ ይሄ አይቸግርም)፣ አንድ ቅርጫት፣ ደረቅ ጭራሮ፣ ሰፌድና የገብስ ቆሎ። ፕሮጀክተር ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁም ምንም አይደል። አንድ ክፍለ ጊዜ ግን አይበቃም፣ ሁለት ዓርብ ያዙለት።

መጀመሪያ መሬት ላይ ካርታውን በአመድ ሥሩ። ቦታው ካሊፎርኒያና ኦሪገን የሚባሉት ሁለቱ ግዛቶች የሚዋሰኑበት ነው። ሦስት ሐይቅ ታስቀምጣላችሁ፣ ቱሊ ሌክ፣ ታችኛው ክላማዝና ክሊር ሌክ። ከክሊር ሌክ ወደ ቱሊ ሌክ የሚገባ ወንዝ አለ፣ ሎስት ሪቨር ይሉታል፣ የጠፋው ወንዝ ማለት ነው፣ ቱሊ ሌክ ከገባ በኋላ ወደ ባሕር የሚሄድበት መውጫ የለውማ። ከቱሊ ሌክ በስተደቡብ ጥቋቁሩን ድንጋይ ደርድሩ፣ እሱ ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የቀዘቀዘ ድንጋይ ነው፣ በውስጡ ከ700 በላይ ዋሻ አለው፣ የቀለጠው ድንጋይ ላዩ ቀድሞ ሲጠነክር ውስጡ ፈስሶ እየወጣ ባዶ ቱቦ ትቶ የሄደበት ነው። ራቅ አድርጋችሁ አንድ ትልቅ ድንጋይ አስቀምጡ፣ የሻስታ ተራራ ነው፣ በረዶ የለበሰ። ካርታው ሳይጠፋ ክፍለ ጊዜው በሙሉ እሱ ላይ ቆማችሁ አውሩ።

ስማቸው ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ራሳቸውን ማክላክስ ይሉ ነበር፣ ሰዎች፣ ሕዝብ እንደማለት። ሞዶክ የሚለው ከ"ደቡበኞች" የመጣ ነው፣ ከክላማዞች በስተደቡብ ስለሚኖሩ። ክላማዞች ጎረቤቶቻቸው ናቸው፣ ቋንቋቸው አንድ ነው፣ ልዩነቱ የመንዝና የጎጃም አማርኛ ያህል ነው ብላችሁ ብታስረዱ ልጆቹ ቶሎ ይገባቸዋል። ይሄን አሁን ካልነገራችኋቸው በኋላ ሁለቱ አንድ ላይ ሲታጎሩ ችግሩ ከየት እንደመጣ አይገባቸውም።

አሁን የልጅቷ ጥያቄ። ምን ይበሉ ነበር? ኑሯቸው ከወቅት ጋር የሚዞር ነው። ጸደይ ሲገባ ከሐይቁ ወደ ወንዙ እንቁላል ሊጥል የሚወጣ ትልቅ አሳ አለ፣ በቋንቋቸው ችዋም ይባላል፣ በክረምቱ ስንቅ ያለቀበት ቤት ሁሉ ይሄን አሳ ነው የሚጠብቀው፣ ያጠምዱና ያደርቁታል። ከዛ ሴቶቹ በመቆፈሪያ እንጨት ኢፖስ የሚባል ሥር ያወጣሉ፣ ቀጥሎ ካማስ የሚባል ሌላ ሥር። የውኃ ወፍ አለ፣ ዳክዬውም ዝይውም ሰማይ እስኪጠቁር ይመጣል። ወንዶቹ አጋዘንና ሚዳቋ መሰሉን ያድናሉ፣ ጥንቸልም ይይዛሉ። ዋናው ግን፣ ለእኛ ልጆች ቁም ነገሩ የሚገባቸው፣ ዎካስ ነው።

ዎካስ ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፍ ቢጫ አበባ ያለው ተክል ፍሬ ነው። ክረምታችን ሲወጣ ገደማ ባለው ጊዜ ሴቶቹ በታንኳ እየገቡ ፍሬውን ይለቅሙታል፣ ያደርቁታል፣ ከዛ ከፍም ጋር ሰፌድ መሰል ነገር ላይ እያንገዋለሉ ይቆሉታል፣ ይፈትጉታል፣ ይፈጩታል። ወፍጮው ድንጋይ ነው፣ መጁ ግን የእኛን አይመስልም፣ ከላዩ ሁለት ቀንድ አለው፣ ሴትየዋ በሁለት እጇ ሁለቱን ቀንድ ይዛ ወደፊት ወደኋላ ትገፋዋለች። እዚህ ጋ ስትደርሱ ቆሎውን አከፋፍሉ። እየቆረጠሙ ይስሙ። እናታቸው ገብስ ስትቆላ፣ ስትፈትግ፣ በሶ ስትፈጭ ያዩ ልጆች ናቸው፣ አንድ የሩቅ አገር ሴት ሐይቅ ላይ ሄዳ እህሏን አምጥታ በፍም ቆልታ ፈጨች ስትሏቸው ወዲያው ያዩዋታል። እኔ ይሄን ካደረግኩ በኋላ "ስንት ሞተ" የሚል ጥያቄ መጀመሪያ ሲመጣ አላየሁም።

ሌላው ቱሊ ነው፣ ሐይቁ ስሙን ያገኘበት። የጣናን ደንገል የሚያስታውስ ረጅም የውኃ ሣር ነው። ምንጣፍ ይሠሩበታል፣ ጫማ ይሠሩበታል፣ ታንኳ ይሠሩበታል፣ የበጋ ቤታቸውን ግድግዳ ይሠሩበታል። ቅርጫት ደግሞ ጥበባቸው ነው። ሰፌዱን አንሱና አሳዩአቸው፣ የእኛ ሰፌድ ስንደዶው እየተጠቀለለ በአክርማ እየተሰፋ ነው የሚዞረው፣ የሞዶክ ሴት ግን አትሰፋም፣ የቆሙትን ክሮች ሌሎች ሁለት ክሮች እያጠላለፈች ታስራቸዋለች፣ ስለዚህ ቅርጫቱ ለስላሳና ተጣጣፊ ነው። ሴቶቹ ቆብ ጭምር በዚሁ ይሠራሉ። ይቺን ቆብ አደራ አትርሷት፣ በኋላ ትመጣለች።

የጓሳ ሣር ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ተጠቀሙበት። መንዝ ላይ አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ጓሳን ለዓመታት እየዘጉ፣ ሲደርስ እየከፈቱ፣ ቤት ክዳኑንም ገመዱንም ከዛ እያገኙ ነው የኖሩት። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ የሞዶኮቹ ሌላ ነው። ግን አንድ ሣር ላይ ሙሉ ኑሮ ሊቆም እንደሚችል የመንዝ ልጅ ማስረጃ አይፈልግም።

ቤታቸውን ለማሳየት አንድ ልጅ አስነሱና ከጣራ በመሰላል እየወረደ እንዲመስል አድርጉ። የክረምት ቤታቸው ግማሹ መሬት ውስጥ ነው፣ ተቆፍሮ፣ በእንጨት ተዋቅሮ፣ በምንጣፍና በአፈር ተሸፍኖ፣ መግቢያው ጣራው ላይ ነው፣ ጭሱም ሰውም በአንድ ቀዳዳ። እዛ ብርዱ ከባድ ነው፣ በረዶ ይጥላል፣ የእኛ ሰው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያቆመበትን ምክንያት እነሱ መሬት ውስጥ በመግባት ፈቱት።

እምነታቸውን በሁለተኛው ዓርብ መጀመሪያ ላይ አድርጉት፣ መስኮቱን ዝጉና ጨለም ይበል። እንደ ተረት አውሩት ግን "ተረት ነው" አትበሉ፣ ለእነሱ የአገራቸው መነሻ ነው። ፈጣሪው ኩሙሽ ይባላል፣ ዓለምን መሥራት የጀመረው ቱሊ ሌክ ላይ ነው፣ ከሐይቁ ጭቃ። ኩሙሽ ከልጁ ጋር ከመሬት በታች ወደ መናፍስት ቤት ወረደ፣ እዛ ሌሊት ሌሊት መናፍስቱ ይዘፍናሉ ይጨፍራሉ፣ ቀን ሲሆን ደረቅ አጥንት ይሆናሉ። ሰነበተና ሰው ሊፈጥርበት አጥንት መርጦ ቅርጫት ሞልቶ ዳገቱን ሊወጣ ሲል አንሸራተተውና ወደቀ፣ አጥንቶቹ እየጮሁ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሁለተኛም ወደቀ። በሦስተኛው ጫፍ ሊደርስ ሲል ቅርጫቱን ቀድሞ ወደ ላይ ወረወረው፣ ከዛ ከአጥንቶቹ ሕዝቦችን አንድ በአንድ ፈጠረ፣ በመጨረሻ ሞዶኮችን፣ እናንተ ጥቂት ትሆናላችሁ ግን ከሁሉ ደፋር ትሆናላችሁ፣ ቦታዬን ትጠብቃላችሁ አላቸው። ጭራሮውን በቅርጫት አሸክማችሁ አንድ ልጅ ደረጃ ላይ ብታወጡት፣ ሁለቴ ደፍቶ ሦስተኛው ላይ ቢወረውረው፣ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ከዚህ ሌላ ወጣቶቹ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ብቻቸውን ተራራ ወጥተው ይጾሙ ነበር፣ ድንጋይ ይከምራሉ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይዋኛሉ፣ ራእይ ይጠብቃሉ፣ ብዙ ጊዜ ለአምስት ቀን፣ አምስት ቁጥር ለእነሱ ትልቅ ነው። መንፈስ የሚያነጋግርና በሽተኛ የሚያድን ሰው አላቸው፣ ሬሳቸውን በእሳት ያቃጥሉ ነበር። ልጆቹ "ለምን አልቀበሩም?" ብለው ይጠይቃሉ፣ ደንገጥ ይላሉ፣ ቄስ አባት ያላቸውም አሉ። ዝም አታሰኙ፣ አትፍረዱም፣ የእነሱ ወግ እንደዛ ነው በሉና እለፉ። ድሮ የሐይቁ ደሴት የነበረ አንድ ገደል ላይ ደግሞ ከ5,000 በላይ ቅርጽ ተፈልፍሏል፣ ፎቶ ካገኛችሁ አሳዩ፣ ታንኳቸው ላይ ሆነው የፈለፈሉትም አለበት።

አሁን ወደ ከባዱ። ቀኖቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ሰባት ወይ ስምንት እየቀነሳችሁ ወደ እኛው መልሱላቸው። በ1846 ስደተኛ ነጮች በጋሪ የሚያልፉበት መንገድ በሞዶኮች አገር መሐል ተከፈተ። ከብቱ ሣሩን በላ፣ አደኑ ሸሸ፣ በሽታም መጣ፣ ግጭት ተነሳ። በ1852 ሞዶኮች መንገደኞችን ገደሉ፣ በዛው ዓመት ቤን ራይት የሚባል ሰው እርቅ ብሎ ጠርቷቸው አርባ ገደማ ሞዶክ አስገደለ። ሁለቱንም ንገሯቸው፣ አንዱን ብቻ አትምረጡ። እርቅ ተብሎ መገደሉን ግን አስምሩበት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚሆነው ቁልፉ እሱ ነው።

በ1864 ስምምነት ተፈረመና ሞዶኮች አገራቸውን ለቀው ክላማዞች ያሉበት ክልል ግቡ ተባሉ፣ ክልል ስል መንግሥት ለነባር ሕዝቦች ብሎ የከለለውን መሬት ነው። እንግዲህ ሰው ቤት መግባት ነው። የቆረጡትን እንጨት ክላማዞቹ የኛ ነው እያሉ ይወስዱባቸዋል፣ የመንግሥት ሹሙ አይሰማም፣ ቀለቡ አይበቃም። ኪንትፑዋሽ የሚባል አለቃ ሰዎቹን ይዞ ወደ ሎስት ሪቨር ተመለሰ፣ ነጮቹ ካፒቴን ጃክ ይሉታል። ምክሬ፣ ቅድሚያ የራሱን ስም ጥሩት። በ1869 መጨረሻ አግባብተው ወደ ክልሉ መለሱት፣ በ1870 ጸደይ እንደገና ወጣ። የጠየቀው ነገር ትንሽ ነበር፣ በገዛ ወንዙ ዳር ቁራሽ መሬት። ያኔ እኛ ጋ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ናቸው፣ ይሄን ስትሏቸው ልጆቹ ዘመኑን በልባቸው ያስቀምጡታል።

ኅዳር 29 ቀን 1872 (በፈረንጅ) ንጋት ላይ ወታደር ሰፈራቸውን ከበበ፣ ተኩስ ተነሳ፣ ቤታቸው ተቃጠለ። ኪንትፑዋሽ በጀልባ ሐይቁን ተሻግሮ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ገባ፣ ሁከር ጂም የሚባለው ሌላው መሪ ግን በየብስ ሲዞር በመንገዱ ያገኛቸውን ሰፋሪ ወንዶች ገደለና እዛው ተቀላቀለ። አሁን ገመዱን አውጡ። ጥቋቁር ድንጋዮቹን በገመድ ክበቡ፣ አንዱ ጎን ሐይቁን ይንካ። በውስጡ ከ50 እስከ 60 ተዋጊ፣ ከሴትና ከልጅ ጋር 150 ገደማ ሰው። የመንፈስ ሰውየው ከቱሊ የተገመደ ቀይ ገመድ ዙሪያውን ዘርግቶ ወታደር ይቺን አያልፍም ብሏቸው ነበር። ጥር 17 ቀን 1873 ከ300 በላይ ወታደር በጉም ውስጥ ገባ፣ የሚተኩስባቸውን ሰው እንኳ ሳያዩ ሙታቸውን ጥለው ተመለሱ፣ ከሞዶክ አንድም አልሞተም። ገመዱ ሠራ ብለው አመኑ፣ ማን ይፈርድባቸዋል።

ውጊያውን እዚህ ላይ አሳጥሩት። የእኛ አካባቢ ልጆች ተኩስን በወሬ ብቻ የሚያውቁ አይደሉም፣ ጀግንነቱን እያጋነናችሁ ብትተርኩላቸው ይሞቃቸዋል፣ የማትፈልጉት ቦታ ይወስዳቸዋል። ከውጊያው ይልቅ ድርድሩ ላይ ሰንብቱ።

ከመንግሥት በኩል ሽማግሌዎች ተላኩ፣ የጦሩ አለቃ ጄኔራል ካንቢ አሉበት፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ሚቻም አለ፣ ቶማስ የሚባል ቄስ አለ። አስተርጓሚዋ ዊኔማ ናት፣ ሞዶክ ናት፣ የኪንትፑዋሽ ዘመድ፣ ነጭ ያገባች። እየተወራ ወታደሩ ግን እየተጠጋ ነበር፣ የሞዶኮቹን ፈረሶችም ያዘ። ኪንትፑዋሽ ሰላም ይፈልጋል፣ እነ ሁከር ጂም ግን እጅ ከሰጡ ለገደሏቸው ሰፋሪዎች እንደሚሰቀሉ ያውቃሉ። አንድ ምሽት ስብሰባ ላይ ያቺን የሴት የቅርጫት ቆብ አምጥተው ኪንትፑዋሽ ራስ ላይ አደረጉበት፣ ነጠላ መሰል ነገር ትከሻው ላይ ጣሉበት፣ ሴት ነህ፣ ፈሪ ነህ አሉት። ካንቢን እገድላለሁ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። እዚህ ጋ ቆም በሉና ልጆቹን ጠይቁ፣ "እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?" እኛ ጋ ሽሙጥና "ወንድ አይደለህም" የምትል ቃል ስንት ቤት እንዳፈረሰች ከየቤታቸው ያውቃሉ፣ የሚመልሱትን ስሙ፣ አትቸኩሉ። ሴቶቹ ልጆች ሌላ ጥያቄ ያነሳሉ፣ የሴት ቆብ ለምን ስድብ ሆነ ብለው፣ ደግ ጥያቄ ነው።

ዊኔማ ሊገድሏችሁ ነው ብላ አስጠነቀቀች። ካንቢና ቄሱ አልሰሟትም። ሚያዝያ 11 ቀን 1873፣ የፈረንጆቹ ስቅለት ዕለት፣ ሁለቱም ድርድሩ ቦታ ላይ ተገደሉ፣ ሚቻም ክፉኛ ቆስሎ ተረፈ፣ ዊኔማ ወታደር መጣ ብላ በመጮኋ ነው የተረፈው ይባላል። ከዚህ በኋላ አሜሪካ በሙሉ ደም ፈለገ። ከአራት ቀን በኋላ ወታደሩ ተመለሰ፣ አሁን ገመዳችሁን ሐይቁ ጎን ላይ እጠፉት፣ ወታደሩ ሞዶኮቹንና ሐይቁን ለያያቸው፣ ድንጋይ ውስጥ ውኃ የለም። በሦስተኛው ቀን በሌሊት ሴቱንም ሕፃኑንም ይዘው በደቡብ በኩል ሾልከው ወጡ። ካርታውን ሳትሠሩ ብትተርኩት ይሄ አይገባም፣ በአመዱ ላይ ግን የሰባት ዓመት ልጅም ያየዋል።

ከዛ ተከፋፈሉ። ሁከር ጂምና ጓደኞቹ እጅ ሰጡ፣ ነፍሳቸውን ለማትረፍ ኪንትፑዋሽን ራሳቸው ተከታትለው አስያዙት፣ ያንን ቆብ ካደረጉበት ሰዎች መሐል ማለት ነው። በሰኔ መጀመሪያ ተያዘ። ጠበቃ ሳይቆምላቸው የጦር ፍርድ ቤት ፈረደባቸው፣ ጥቅምት 3 ቀን 1873 ፎርት ክላማዝ ላይ አራት ሰው ተሰቀለ፣ ኪንትፑዋሽ፣ ሾንቺን ጆን፣ ብላክ ጂም፣ ቦስተን ቻርሊ። የሁለት ወጣቶች ሞት ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረና አልካትራዝ ደሴት ታሰሩ። የተሰቀሉት ራስ ተቆርጦ ዋሽንግተን ወደ ጦሩ የሕክምና ሙዚየም ተላከ። አዎ፣ ለጥናት ተብሎ። የኪንትፑዋሽ ራስ ቅል ለዘመዶቹ የተመለሰው በ1984 ነው፣ ከ111 ዓመት በኋላ። ይሄን ስትናገሩ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፣ የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ከለንደን በ2019 መመለሱን፣ የልዑል ዓለማየሁ አፅም ግን እስካሁን ዊንድዘር መሆኑን ብቻ አስታውሷቸው። እኔ ጋ ክፍሉ ጸጥ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የተረፉት ከ150 በላይ ሰዎች በባቡር ተጭነው ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ተወሰዱ፣ ሐይቅም ቱሊም የሌለበት ሜዳ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ሕፃናትና አዋቂዎች ሞቱ። መመለስ የተፈቀደላቸው በ1909 ነው፣ አንዳንዱ ተመለሰ፣ አንዳንዱ እዛው ቀረ። ሐይቁም አልቆየላቸውም፣ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ መንግሥት ቱሊ ሌክን አብዛኛውን አደረቀውና ለእርሻ ሰጠ፣ ዛሬ እዛ ላይ ገብስ፣ ድንችና ሽንኩርት ይበቅላል። የእኛን የሚመስል እርሻ ነው፣ ልጆቹ "ታዲያ ዎካሱስ?" ይላሉ፣ ጥሩ፣ መልሱን ከአመዱ ሐይቅ ላይ ራሳችሁ በመጥረጊያ ብታጠፉት ይታያቸዋል።

እዚህ ላይ ግን እንዳታቆሙ። የእኔ ትልቁ ስህተት እሱ ነበር፣ መስቀያው ላይ አቁሜ ልጆቹ ሕዝቡ ያለቀ መስሏቸው ሄዱ። ሞዶኮች አሉ። ኦክላሆማ ያሉት በ1978 መንግሥት እንደገና እውቅና ሰጣቸው፣ ዛሬ ሞዶክ ኔሽን ይባላሉ፣ ጎሽ ያረባሉ። ኦሪገን ያሉት ከክላማዞችና ከያሁስኪኖች ጋር አንድ ሆነው አሉ፣ በ1954 መንግሥት እናንተ ከእንግዲህ ጎሣ አይደላችሁም ብሎ ሰርዟቸው ነበር፣ በ1986 አስመልሰዋል። ያ አሳ፣ ችዋም፣ ከ1988 ጀምሮ ሊጠፉ ከሚችሉት ተርታ ተመዝግቧል፣ እነሱ ግን በየዓመቱ ክረምታቸው ሲያበቃ ወንዝ ዳር ተሰብስበው መምጣቱን በጸሎት ይቀበሉታል፣ ጫጩቱንም ራሳቸው እያሳደጉ ወደ ውኃው ይለቃሉ።

በመጨረሻ አመድ ጨምሩና ያጠፋችሁትን ሐይቅ በትንሹ መልሳችሁ ሥሩ፣ የተረፈውን ያህል ብቻ። ገመዱን ሰብስቡ፣ ድንጋዩንም አንሱ፣ ሐይቁን ግን ግቢው ውስጥ ተዉት። ሰኞ ጠዋት ለሰልፍ ሲመጡ ክበቡ ውስጥ ያሉት ልጆች ላለመርገጥ ዞረው ሲያልፉ፣ ሌሎቹም "ምንድነው ይሄ?" ብለው ሲጠይቋቸው አይቻለሁ፣ ያቺ የስምንተኛ ክፍል ልጅም ቁጢጥ ብላ በጣቷ ወንዙን እያሳየች ለአንዷ ጓደኛዋ ስለ ዎካስ ስትነግራት ሰምቻለሁ።